የግሥ ርባታ ሠንጠረዥ ምን ያስተምራል? ምንስ ይሰውራል?
(ከፈረንሳይኛ ትምህርት ልምድ ተነሥቶ ለቴፒ ክፍሎች የቀረበ ሂስ)

መግቢያ

እንደሚታወቀው ፈረንሳይኛ በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ጅማሬ ላይ ከፍ ያለ ሥፍራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። ከ1941 ነፃነት ወዲህ ሥፍራውን እንግሊዝኛ ወረሰው። ይሁን እንጂ ቋንቋው ተለወጠ እንጂ የባዕድ ቋንቋ ግሥን በሠንጠረዥ በቃል የማስያዝ ልማድ አልቀረም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ ልማድ ነው።

ሠንጠረዡ የሚሰጠውና የሚሰውረው

የፈረንሳይኛ ተማሪዎች በሰፊው የሚያውቁት የርባታ መጽሐፍ «ቤሼሬል» ነው። መጽሐፉ ብዙ ሺህ ግሦችን በአርአያ ሠንጠረዦች ሥር ይመድባል። ለማመሳከሪያነት የሚያህለው ጥቂት ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው መጽሐፉ ራሱ ትምህርት ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ለምሳሌ «ፓርሌ» (መናገር) የሚለውን ግሥ በአሁን ጊዜ ስናረባው ሠንጠረዡ ስድስት ረድፍ ያሳያል፦ ዤ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል። በጽሕፈት ሁሉም አንድ አይሁኑ እንጂ አራቱ ለጆሮ አንድ ናቸው። ሠንጠረዡ የተሠራው ለዓይን ስለሆነ ይህን አይናገርም። በአንጻሩ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ፣ ይናገራል፣ ትናገራለች፣ እንናገራለን፣ ትናገራላችሁ፣ ይናገራሉ እያለ ስምንት ቅርጽ ያለ ድካም ይለያል። እንግዲህ ችግሩ የርባታው ብዛት አይደለም።

ዋናው ችግር የጊዜ ትርጉም ነው። «ኢል ኤክሪቬ» እና «ኢላ ኤክሪ» የሚሉት ሁለቱም ኃላፊ ጊዜ ስለሆኑ ተማሪው መቼ የትኛውን እንደሚመርጥ ይጨነቃል። ነገር ግን ልዩነቱን በቋንቋው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው «ይጽፍ ነበር»፣ ሁለተኛው «ጻፈ» ወይም «ጽፏል» ነውና። «ኢላቬ ኤክሪ» ደግሞ «ጽፎ ነበር» ነው። አሠራሩም እንግዳ አይደለም። የትንቢቱ «ኤክሪራ» (ይጽፋል) ከላቲን አርእስትና «አለው» ከሚል ረዳት ግሥ እንደተወለደ ሁሉ፣ የእኛው «ይጽፋል» «ይጽፍ» እና «አለ» ተጣምረው የሆነ ነው።

መንገዱ የማይገጥምበትም ቦታ አለ። «ይጽፋል» የአሁኑንም የወደፊቱንም ሲይዝ ፈረንሳይኛ ሁለቱን ይለያል። አማርኛ ሁሉን በ«አለ» ወይም በ«ነበር» ሲረዳ፣ ፈረንሳይኛ እንደ መሄድና መምጣት ያሉትን ጥቂት ግሦች «ኤትር» (መሆን) በሚለው፣ የቀሩትን አብዛኞቹን «አቯር» («አለው» እንደማለት) በሚለው ይረዳል። የመምህሩ ጊዜ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነበር፤ ሠንጠረዡ ግን ቀላሉንና ከባዱን በእኩል ዓምድ ያሰልፋል።

የቅኔ ቤት ምስክርነት

ይህን ስንል በቃል መያዝን መንቀፋችን አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ያወርዳል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ በስምንት አርእስት የግዕዝን ግሥ ሁሉ ያረባል። ነገር ግን ያጠናው ግሥ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ይቆጥርበታል፤ ግሡ የተሳሳተ እንደሆነ ምሥጢሩ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚነቀፈው በቃል መያዙ ሳይሆን የተያዘው ቃል ነገር እንዳይናገር መደረጉ ነው።

ጉዳዩ በቴፒ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ድልድይ የቆመው በአማርኛ ላይ ነው። በቴፒና በአካባቢዋ ግን ሸኪኖኖ፣ ሸኮኛና መዠንግኛ ይነገራሉ። ሁለቱ ከኦሞአዊ፣ ሦስተኛው ከናይሎ ሳህራዊ ቤተሰብ ሲሆኑ አማርኛ ሴማዊ ነው። ስለዚህ ለብዙ ተማሪ አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ይሆናል። መምህሩ በአማርኛ ብቻ ቢያነጻጽር የከተማውን ልጅ ሲረዳ የገጠሩን ልጅ ሁለት ጊዜ ያርቀዋል።

ጉዳዩ የሰዋስው ነጥብ ብቻ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ ዝርዝሩን የሚያነበንብ ተማሪ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ፣ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የሆነውን ከሚሆነው መለየት ካልቻለ ሁሉም ትምህርት ይጨልምበታል። «ደክሞኛል» የሚለውን በቅርጹ ተርጉሞ በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ሁኔታ መሆኑን ይስታል፤ ሲጠሩት «መጣሁ!» የሚለውም ገና ሳይመጣ የሚነገር ኃላፊ መሆኑን የሚያስተውልለት የለም።

የክፍሉ ሥራ ከአገሩ ኑሮ ቢነሣ ይቀላል። «ቡናውን ስንለቅም ዝናብ መጣ»፣ «ዝናቡ ሲመጣ ቡናውን አስጥተን ነበር»፣ «ዝናቡ ሲመጣ ቡናውን አስገብተናል»፤ በእነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት በቡና ምድር ያደገ ልጅ አይስተውም፤ የቡናው ደኅንነት የተመሠረተበት ነውና። መምህሩ ሸኪኖኖ ባያውቅ እንኳ «ይህን በቤታችሁ እንዴት ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በሰሌዳ ላይ ማስጻፍ ይችላል።

ማጠቃለያ

መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ፈተናውም ባዶ ቦታ በትክክለኛው ቅርጽ ማስሞላትን ሲወድ መምህሩ ፈተናውን ይከተላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ/ ሠንጠረዥ ከትርጉም በኋላ እንጂ ከትርጉም በፊት አይሰጥ።
2ኛ/ የመምህሩ መምሪያ ከተማሪዎቹ ቋንቋዎች ጋር የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ጊዜ ለይቶ ያሳይ፤ ለዝግጅቱም ቋንቋዎቹን የሚናገሩ የአካባቢው መምህራን ይጠሩ።
3ኛ/ ፈተናው ቅርጽን ብቻ ሳይሆን «የቱ ቀደመ? የቱ ገና አልተፈጸመም?» ብሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ካልተሻሻለ የቀሩት ሁለቱ በወረቀት ላይ ይቀራሉ። የቴፒ ተማሪ ጊዜን የሚለይ አእምሮ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ የእኛ ሥራ ያንን አእምሮ ከሠንጠረዡ ጀርባ እንዳይሰወር መጠበቅ ነው።