«የጾም ወተት» ወተት ነውን? ስለ አኩሪ አተር የቀረበ ትችት

ባለፈው ዐቢይ ጾም በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ ከአንዲት ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። እማማ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ነጭ መጠጥ በሲኒ ያጠጡታል። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «የጾም ወተት ነው ልጄ፤ ከአኩሪ አተር የተጨመቀ። ከላሙ አያንስም ብለውኛል» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ይኸው መጠጥ በጾም ማኪያቶ ቢቀርብለት፣ «ይህስ ወንድን ሴት የሚያደርግ ነው» ብሎ ሲመልሰው አየሁ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ስሕተታቸው እኩል አይደለም። የጓደኛዬ ስሕተት ቢበዛ አንድ ሲኒ ማኪያቶ ያስቀርበታል። የእማማ ስሕተት ግን በሕፃኑ ዕድገት ላይ የሚደርስ ነው። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም የኋለኛው ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ በጾም ሕግ ላይ ልፈርድ እንዳልመጣሁ አንባቢ ይወቅልኝ፤ ጥያቄዬ ስለ ምግቡ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ስለ ፍርሃቱ። አኩሪ አተር ጥሬውን ቢበሉት የማይበጅ መሆኑ እውነት ነው። ኦስቦርንና ሜንዴል የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 እንዳሳዩት፣ ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች ዕድገታቸው ሲጓተት፣ የበሰለውን የተመገቡት ግን በደንብ አድገዋል። ምክንያቱም በፍሬው ውስጥ የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለና ሙቀት ይህን ስለሚያጠፋው ነው። እናቶቻችን ጥራጥሬውን ሳይቆሉና ሳይቀቅሉ ለሽሮ አያስፈጩምና ከዚህ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም።

የጓደኛዬ ፍርሃት ግን ከኢሶፍላቮን የመጣ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በአሠራሩ የሴትን ሆርሞን በመጠኑ ስለሚመስል፣ ወሬው ከዚያ ተነሥቶ ሰፋ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶች በአንድነት ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ አኩሪ አተር የወንዶችን ሆርሞን እንደማይቀንስ ታይቷል። በ2008 ጡቱ ያበጠ አንድ የ60 ዓመት ሰው በሕክምና መጽሔት ተጽፎለት ነበር፤ ይህ ሰው ግን የአኩሪ አተር ወተት በየቀኑ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ይጠጣ ነበር፤ መጠጡን በተወ ጊዜም ሕመሙ ለቀቀው። በቀን 3 ሊትር የሚጠጣ ሰው በኮልፌ አላየሁም።

ለእንቅርት ያለው ሥጋት ከዚህ ይልቅ መሠረት አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በአኩሪ አተር የሕፃናት ምግብ ብቻ ባደጉ አንዳንድ ሕፃናት ላይ እንቅርት ታይቶ፣ በምግቡ አዮዲን ሲጨመርበት ነገሩ ቆመ። ስለዚህም በቤቱ አዮዲን ያለበት ጨው የሚያስገባ ሰው ብዙ የሚያሰጋው የለም። የእንቅርት መድኃኒት የሚወስድ ግን አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ፣ ሁለቱን አራርቆ መውሰድ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። አኩሪ አተርን በጥርጣሬ የሚያዩ ሰዎች ጓያን በሽሮ ደባልቀው ሲበሉ ምንም አይሉም። ጓያ ግን ለብዙ ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለበት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚሁ ምክንያት እግራቸው ሰንፎ ቀርቷል። ከጾም ገበታችን ላይ የሚፈራ ጥራጥሬ ከተፈለገ አኩሪ አተር አይደለም።

እንዲያውም ምስጋና የሚገባው ነው። ምስር በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው፣ አኩሪ አተር 36 ያህል አለው፤ ዓይነቱም ከእንስሳት ፕሮቲን ብዙ አይርቅም። በእህል ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለውን ክፍል ስለሚያሟላ ከእንጀራ ጋር ጥሩ ጓደኛ ነው። የዓመቱን ጾሞች ሁሉ ለሚጾም ምእመን የጾሙ ቀን 180 ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 እንደሚደርስ ስናስብ፣ ከሽሮው ጋር ጥቂት አኩሪ አተር ማስፈጨት ብልኅነት ነው። ሽታውን አልወደውም፤ ይህ ግን የጤና ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው? «ወተት» በሚለው ስም ላይ ነው። መጠጡ በፕሮቲን በኩል የላምን ወተት ቢመስልም፣ በሌላው አይመስልም። በ100 ግራም የላም ወተት 120 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይገኛል፤ ምንም ባልተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ ግን ከዚህ ሩቡ ያህል ቢገኝ ነው። ደምንና ነርቭን የሚጠብቀው ቪታሚን ቢ 12 ደግሞ በአኩሪ አተር ውስጥ ጭራሽ የለም። አንዳንዱ እሽግ እነዚህ ተጨምረውበት ይሸጣል፤ በቤትና በየጭማቂ ቤቱ የሚጨመቀው ግን ውሃና አኩሪ አተር ብቻ ነው። ሁለቱም «የጾም ወተት» ይባላሉ።

በውጭ አገር ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ቪታሚኑን በክኒን ይወስዳሉ። የእኛ ጿሚ ግን በፋሲካ ይፈስካልና፣ ለአዋቂ ሰው ጉበቱ ያከማቸው ቢ 12 ከጾም እስከ ጾም ያሻግረዋል የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን በሰፈራችን ለብዙው ቤት ፍስኩም ከጾሙ እምብዛም አይለይም፤ ሥጋና ወተት በፋሲካና በገና ብቻ የሚታይ ነው። ሕፃንም እንደ አዋቂ የተከማቸ ስንቅ የለውም፤ እናቲቱ ራስዋ ካጣች በጡትዋ ወተት የምትሰጠውም ያንሳል።

ይህን ነገር ከእኛ በፊት የተረዱት ነበሩ። በ1962 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፣ ኋላም በ1968 የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋን አዘጋጅቶ አወጣ። በፋፋ ውስጥ አኩሪ አተር ነበረ፤ ሆኖም ከስንዴና ከሽምብራ፣ ከደረቀ ወተትና ከቪታሚኖች ጋር ተደባልቆ ነበር። አኩሪ አተርን ወደ አገራችን ሕፃናት ገበታ ያቀረቡት ሊቃውንት ብቻውን እንዳላመኑት ከዚህ ይታያል። ዛሬ ግን ብቻውን በሲኒ ቀርቦ «ከላሙ አያንስም» ይባልለታል። ሻጮቹ ስሙን ባይተዉ እንኳ፣ ካልሲየምና ቢ 12 ያለበትና የሌለበት መሆኑን በአማርኛ በእሽጉ ላይ ሊጽፉ ይገባል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጡት ወተት ፈንታ እንዳይሰጥም እንዲሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን በጾም አታስገድድም፤ ይህን የማያውቅ እናት የለም። ነገር ግን በየቤቱ ስመለከት ሕፃኑ አይጾምም፣ ድስቱ ግን ይጾማል። እናቲቱ የጾም ዕቃዋ እንዳይነካባት ስለምትሰጋ ለአንድ ልጅ ብላ እንቁላል አትጠብስም፤ ወተትም አታፈላም። ስለ አኩሪ አተር ጤናማነት ስንከራከር የምንውል እኛ ተማሪዎች ስለዚህች ድስት ስንናገር ሰምቼ አላውቅም።

ለእማማ ይህን ሁሉ አልነገርኋቸውም። መጠጡ ለርስዎ መልካም እንደ ሆነ፣ ለልጁ ግን እንቁላል ወይም የላም ወተት ቢጨምሩለት እንደሚሻል ብቻ ነገርኋቸው። «በየትኛው ድስት ልጄ?» አሉኝ ወዲያው። እንቁላል ከነቅርፊቱ በጣሳም ይቀቀላል አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ጣሳስ አለኝ፤ ከውጭ ባለው ምድጃ እጥደዋለሁ» ብለው የልጁን ሲኒ አነሡ።