መትከሉንስ ተከልን፤ ቆራጩስ?

ችግኝ በመትከል ማን ይደርስብናል? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ነግሮን አጨብጭበናል። ይሁን፣ መትከሉ አይከፋም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዛፉ ሲደርስ ማን፣ እንዴት ይቆርጠዋል?

«መጥረቢያ ካለ መቁረጥ ምን ሙያ ይጠይቃል?» ትሉ ይሆናል። ጉዳችን እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቢቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ደግ ዛፍ ነው። እኛ ግን ጉቶውን በደነዘ መጥረቢያ እየሰነጠቅን፣ ልጡን እየገሸለጥን እንገድለዋለን። ገበሬው ለቤቱ ማገር፣ ለልጁ ደብተር የሚሸጠው አጠና ከዚያው ጉቶ ይበቅል ነበር። አሁን እንደገና ተክሎ ዓመታት ይጠብቃል።

ሙያው ግን ቀላል ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ በተሳለ መጋዝ መቁረጥ። ሲያቆጠቁጥ ጠንካራ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ትቶ ሌላውን ማሳሳት። ትልቅ ዛፍ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል አፍ መክፈት፣ ከኋላ ሲቆርጡ ጥቂት ሳይነኩ መተው፣ መሸሻንም አስቀድሞ ማየት። ይህን ያልተማረ ሰው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጥላል።

እኛ ተካዩን ፎቶ እናነሳዋለን፤ ቆራጩን በጥርጣሬ እናየዋለን። ሙያው ያልተከበረ ሰው ደግሞ ማን ሊያስተምረው ይነሳል? ችግኝ መቁጠሩን ችለንበታል። እስቲ ደግሞ ከቆረጥነው ውስጥ ስንት ጉቶ እንዳቆጠቆጠ እንቁጠር።