ቀለሙ የማን ነው? የጀምስ ብሩስ አሞራና የተዘነጋው ሠዓሊ

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ አገልጋዮች የሊማሊሞን አቀበት በመከራ ወጥተው የፍየል ሥጋ ሲያሰናዱ፣ አንድ ግዙፍ አሞራ መጥቶ እግሩን ድስት ውስጥ ከተተ። ሲያቃጥለው ጊዜ የያዘውን ጣለና ከገበታው ላይ አንድ ታፋና አንድ ወርች ይዞ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ ተኩሶ ገደለው። ሊያነሳው ቢሞክር እጁ በቢጫ ዱቄት ተሸፈነ፤ ደረቱን መታ መታ ሲያደርገውም ዱቄቱ ቦነነ።

ይህ ትረካ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የብሩስ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ውስጥ ከወፉ ሥዕል ጋር ይገኛል። ሥዕሉ የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ነው፦ ቀራጩ በስለታም ብረት መዳቡን ይፈለፍላል፤ ቀለም በመስመሮቹ ውስጥ ይሞላል፤ የተረፈው ይጠረጋል፤ እርጥብ ወረቀት ይጫንበታል። የሚወጣው መስመር ብቻ ነው። ሌሎች ቀለማት ካስፈለጉ ቀቢዎች ናሙናውን አጠገባቸው አድርገው እያንዳንዱን ቅጂ በብሩሽ ይቀባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1838 የወጡት የወፍ ሠዓሊው ኦዱቦን 435 የአሜሪካ ወፎች ሥዕሎች በእጅ የተቀቡ ናቸው። ቀቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ናሙናውን እንጂ ወፉን ስላልሆነ፣ የሁለት ቅጂዎች ቀለም ፍጹም አንድ አይሆንም።

ታዲያ «ቀለሙ እውነተኛ ነው?» ብለን ብንጠይቅ የብሩስ አሞራ ራሱ ያስቸግረናል። ብሩስ «ወርቃማ ንስር» ያለው ጢማሙን አሞራ ነው። የዚህ ወፍ የደረት ላባ በተፈጥሮው ነጭ ነው፤ የሚያቀላው ብረት የበዛበት አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር የማያገኝ፣ በሰው እጅ የሚኖር አሞራ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ብሩስ ወርቅ ያለው እንግዲህ ወፉ የተቀባውን አፈር ነው። ተገቢው ጥያቄ «ማን ቀባው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ወደ መስመሩም ይሻገራል። ብሩስ የጉዞውን ሥዕሎች የራሱ አስመስሎ አቀረበ። የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን ሠዓሊው ሆኖ አብሮት ተጉዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ የሞቱን ቀን ወደ ኋላ ስቦ ከግሽ ዓባይ ጉዞ አስቀደመው፤ እንዲህ ከሆነ የዓባይን ምንጭ አብሮት ያየ ሌላ አውሮፓዊ አይኖርማ! የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

የሚገርመው፣ መጽሐፉ የአገሩን ሰው ቃል አልጣለም። እርኩም «እርኩም» ተብሎ ተመዝግቧል። ቢጫ ሆድ ያላት አረንጓዴ እርግብ «ዋልያ» ተብላለች፤ ሳይንሳዊ ስሟም እስከ ዛሬ ትሬሮን ዋልያ ነው። ወፎቹ ስማቸውን ይዘው ሲቀሩ ሠዓሊው ስሙን አጣ።

በዘመኑ ልማድ ከሥዕል ግርጌ በግራ የሣለው፣ በቀኝ የቀረጸው ይጻፍ ነበር፤ ለቀቢው ግን ቦታ አልነበረውም። ሥዕሎቹን የሚያሳዩ ቤተ መዘክሮችም ሆኑ በመጻሕፍት የሚያትሙ አዘጋጆች የሣለውን፣ የቀረጸውንና የቀባውን ለይተው ይጻፉ፤ የቀቢው ስም ካልታወቀም «ቀቢው ያልታወቀ» ይበሉ። በብሩስ ወፎች ግርጌ ደግሞ የባሉጋኒ ስም ሊሰፍር ይገባል።