ከውጤቱ ጎን ያለው ቁጥር የማን ነው?
ስለ ሄሞግሎቢን ልክና ስለ ደጋው ሕዝብ ጥናቶች የቀረበ ሒሳዊ ንባብ

ለሐኪም የሚደርስ የደም ምርመራ ውጤት ሁለት ቁጥሮችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው የታካሚው ነው። ሁለተኛው፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የሚታተመው፣ የሌሎች ሰዎች ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የመጀመሪያውን ቁጥር ትክክለኛነት ለማረጋገጥ ብዙ ይደክማል። ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው አምራች መመሪያ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ተገልብጦ፣ ከማን ደም እንደተገኘ ማንም ሳይጠይቀው ይኖራል። ሐኪሙ የሚወስነው ግን ሁለቱን አስተያይቶ ነው።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ካነሡት የክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ ሊቃውንት መካከል ፊንላንዳዊው ራልፍ ግሬስቤክ ይገኙበታል። ብዙ ሐኪም የሚያውቃቸው ከቫይታሚን ቢ12 ጋር በተያያዘው የኢመርስሉንድ–ግሬስቤክ ሕመም ነው፤ ይሁን እንጂ ለዕለት ተዕለት ሥራ የበለጠ የሚጠቅመው ውለታቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኒልስ ኤሪክ ሳሪስ ጋር ሆነው «ኖርማል» የሚለው ቃል አሳሳች መሆኑን በማመልከት «የማመሳከሪያ እሴት» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ አቀረቡ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ የተገኘው ከእነማን፣ በምን ሁኔታና በምን ዘዴ እንደሆነ ካልተገለጸ ማመሳከሪያ ሊሆን አይችልም። ኋላም ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰዎች እንዲመረመሩ የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ አሠራር ከዚሁ ሐሳብ በቀለ።

በኢትዮጵያ ይህን ጥሪ በሚገባ ከመለሱት ሥራዎች አንዱ አስቴር ፀጋዬ፣ ፀሐይነሽ መሠለና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ነው። በኢትዮ–ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥር በማእከላዊ ኢትዮጵያ 485 ጤነኛ ሠራተኞች ተመረመሩ። የሄሞግሎቢን አማካይ ለወንዶች 16.1፣ ለሴቶች 14.3 ግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ወሰኑም ለወንዶች ከ13.9 እስከ 18.3፣ ለሴቶች ከ12.2 እስከ 16.6። የሲዲ4 ሕዋስ አማካይ 775 መሆኑና ከሆላንድ ደም ለጋሾች ማነሱ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል፤ የሄሞግሎቢኑ ክፍል ግን የሚገባውን ያህል አልተነበበም። እርግጥ ነው፣ የተመረመሩት በሥራ ላይ ያሉ አዋቂዎች ብቻ ናቸው፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን አልተካተቱም። የኖሩበትም ስፍራ ከደብረ ታቦር በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ነው።

ሌላው ሥራ ወደ ሰሜኑ ተራራ ይወስዳል። ሲንቲያ ቢል፣ የደም ሕክምና ስፔሻሊስቱ ዶክተር አምኃ ገብረ መድኅንና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር የሚስተካከል ነው። በአንዲስ ተራሮች ሄሞግሎቢን ከፍ፣ ሙሌት ዝቅ ይላል፤ በቲቤት ሄሞግሎቢን ባይጨምርም ሙሌት ይቀንሳል። አምባራስ ከሁለቱም ተለየች። ጽሑፉ የብረት እጥረትንና ብግነትን ሳይመለከት ወደ መደምደሚያ አለመሮጡ ትልቅ ጥንካሬው ነው። ድክመቱ ያለው ርእሱ ላይ ነው። ከአንድ መንደር የተገኘውን «የኢትዮጵያ ሥርዓት» ብሎ መሰየም ከመረጃው አቅም በላይ ነው። ከፊሎቹ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የ2012 ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከቆላ ወገኖቻቸው አንጻር በአማራው ደገኛ ላይ ከታየው በላይ ጨምሮ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ለደብረ ታቦር ምኗ ነው? ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከመተርጎሙ በፊት እንዲቀነስለት ይመክራል። በቀድሞው ሠንጠረዥ ለ2,500 ሜትር የሚቀነሰው 1.3 ግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው መመሪያ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር 1.8 ሆኗል። እንግዲህ ነፍሰ ጡር ያልሆነች አንዲት የደብረ ታቦር ሴት ሄሞግሎቢኗ 13.5 ነው እንበል። ሳይቀነስ ጤነኛ ናት፤ ወሰኑ 12.0 ነውና። በቀድሞው ሠንጠረዥ 12.2 ይሆናል፣ አሁንም ጤነኛ ናት። በአዲሱ 11.7 ይሆንና ደም ማነስ አለባት ትባላለች። ይህችው ሴት ቁልቁል ወረታ ወርዳ ብትኖር፣ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ በአዲሱ መመሪያም 12.4 ሆኖ ከደም ማነስ ትድናለች፤ ያለ አንድ ክኒን፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ!

ሠንጠረዡ በሁሉም ዘንድ ልክ ቢሆን ኖሮ የአምባራስ ወንዶች ከማእከላዊ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ቢያንስ በ1 ግራም መብለጥ ነበረባቸው። በ0.2 አንሰው ተገኙ። ሴቶቹ በልጠዋል፤ ያውም በ0.7 ብቻ። ሁለቱ ጥናቶች የተካሄዱት በተለያየ ቤተ ሙከራ ስለሆነ ንጽጽሩን አክርሮ መያዝ አይገባም፤ ነገር ግን ለሌሎች ተራሮች የተሠራ ቅነሳ ለጎንደር ደጋ ያለ ማስተካከያ እንዳይወሰድ ለመጠየቅ በቂ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሠንጠረዡን መጣልም ስሕተት ነው። ከነፋስ መውጫ የመጣ ገበሬ ሄሞግሎቢኑ 13.5 ቢሆን፣ ወረቀቱ 13.0ን መነሻ አድርጎ «ኖርማል» ይለዋል። በ1999ኙ ጥናት ግን ከኢትዮጵያውያን ወንዶች ዝቅተኛ ወሰን በታች ነው። የሆድ ደም መፍሰስ ወይም የመንጠቆ ትል ያለበት ሰው በዚህ «ኖርማል» ተሸኝቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። አጠራጣሪ ሲሆን ፈሪቲን፣ እሱ ከሌለ የቀይ ሕዋሱ መጠንና የደም ፊልም፣ ከሁሉም በፊት የታካሚው ታሪክ ከቅነሳው የተሻለ ይናገራሉ።

የደቡብ ጎንደር መልክዓ ምድር ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ግርጌ በአንድ ዞን ውስጥ ከሺህ ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለ፤ ወባ ያለበትን ቆላማ ክፍል ለይቶ መያዝ ግን ያስፈልጋል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የጤና ሙያ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። በየከፍታው 120 ወንዶችና 120 ሴቶች፣ የብረት መጠናቸው ተለክቶ፣ በአንድ መሣሪያ ቢመረመሩ የግሬስቤክ ጥያቄ መልስ ያገኛል። እስከዚያው ድረስ የምርመራ ወረቀቱ ከቁጥሩ ሥር አንዲት መስመር ቢጨመርባት ወጪ የለውም፤ ልኩ ከየትኛው ሕዝብ፣ ከስንት ሜትር ከፍታ እንደተወሰደ የምትገልጽ።