እህት ሆና እንዴት እምቢ ትላለች?

እህት ለወንድሟ ኩላሊት ሰጠች ሲባል ደስ የማይለው ሰው የለም። እኔም ደስ ይለኛል። ጋዜጣው ፎቶዋን ያወጣል፣ ሬዲዮው ያቀርባታል፣ ጎረቤቱ «አቤት ጀግንነት!» ይላል። ደግ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ፎቶዋ ያልወጣው ናት። ያቺ ተጠይቃ፣ አስባ፣ ፈርታ፣ «አልችልም» ያለችው። እሷን ምን አደረግናት?

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ የሌለው ደግሞ… ያው ታውቁታላችሁ። ሥራው ሲጀመር ኩላሊቱ የሚገኘው ከታማሚው ቤተሰብ ነበር። ለባዕድ መስጠት ከተፈቀደ ድሃው ኩላሊቱን ይዞ ገበያ ይወጣል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ሽያጩን በሕግ ከከለከለች በኋላም ደላላው ጨርሶ አልጠፋም። ኢራን ደግሞ ለሰጪው ገንዘብ እንዲከፈለው ፈቅዳ ስትሠራ ኖራለች። እኛ በቤተሰብ አጥር መከለልን መረጥን። መልካም። ግን አጥሩ ገበያውን እንጂ ግፊቱን አላስቀረም። ቤት ውስጥ ደላላ የለም ያለው ማነው? አክስት አለች፣ ታላቅ ወንድም አለ፣ የንስሐ አባት አሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናት ዕንባ አለ።

አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ሟቹ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ የቆየ ጎልማሳ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት በአገጫቸው ወደ ማዶ እየጠቆሙ፣ «ያቻትልህ፣ ወንድሟን የነፈገችው» አሉኝ። ዞር ስል ጥቁር የለበሰች፣ ሁለት ሕፃናት አቅፋ ጥግ የተቀመጠች ሴት አየሁ። «እንዴት ነፈገችው እትዬ?» አልኳቸው። «ኩላሊቷ ልክክ ብሎለት ነበር አሉ፤ ሽማግሌ ተልኮ እምቢ አለች። እህት ሆና እንዴት እምቢ ትላለች?» ሰውየውን የገደለው በሽታው መሆኑን ድንኳኑ የረሳው ይመስላል። ገዳይ ተገኝታለቻ!

የታማሚውን ጭንቅ ማቃለሌ አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጋር መታሰር፤ ገንዘብ ሲያጥር ሦስቱን ሁለት ማድረግ፤ ውኃ እንኳ በልክ መጠጣት። ይህን የተሸከመ ሰው አዲስ ኩላሊት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ግን «አንዷ ትበቃሻለች፣ ምን ይጎድልብሻል?» የምንላት ነገር ግማሽ እውነት ናት። የቀረችው ኩላሊት ሥራውን ሸፍናለት አብዛኛው ለጋሽ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ቀዶ ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች 3 ያህሉ በ90 ቀን ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ኩላሊት ለግሰው ባረገዙ ሴቶች ላይ ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት ችግር ከ100 እርግዝና በ11ዱ፣ ባልለገሱት ላይ በ5ቱ መታየቱን አስነብቧል። በብዙ አገሮች ሰጪዎቹ ይበልጡን ሴቶች፣ ተቀባዮቹ ይበልጡን ወንዶች መሆናቸውን ስታክሉበት፣ ዓይናችን ለምን ቶሎ እህት ላይ እንደሚያርፍ ይገባችኋል። ወንድሙማ ሥራ አለበት፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው! እሷስ?

ሐኪሞች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ለጋሹን ከዘመዶቹ ለይተው ብቻውን ያነጋግሩታል። ልቡ ካልፈቀደ ለቤተሰቡ የሚነገረው «ለመለገስ የሚሆን ሆኖ አልተገኘም» ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ከሐኪሙ አይወጣም። ሐኪም እንዴት ይዋሻል የሚሉ አሉ፤ በሙያው ውስጥም ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። እኔ ግን፣ ይቅር በሉኝና፣ ይህቺን ውሸት ሽማግሌ ከመላክ አስበልጬ እወዳታለሁ። እንዲያውም ውሸትም አትመስለኝ። ተገዳ አልጋ ላይ የምትወጣ ሴት በእርግጥም ለመለገስ የምትሆን አይደለችማ!

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ላይ የተሠራው በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ነው። ሪቻርድ ሄሪክ ታማሚው፣ ሮናልድ ለጋሹ። በዋዜማው ሌሊት ሪቻርድ ለወንድሙ ማስታወሻ ላከበት፤ ተነሥተህ ወደ ቤትህ ሂድ የሚል። ሮናልድ አልሄድም ብሎ መለሰለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሮናልድ በአንድ ኩላሊቱ እስከ 2010 ቆየ። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ መሬይ በ1990 ኖቤል ተሸለሙ። ሁሉም ስለ ሽልማቱ ያወራል፤ እኔ ማስታወሻዋ ናት የምትገርመኝ። ሞት ደጁ የቆመበት ሰው ራሱ ለወንድሙ በሩን ከፈተለት። እኛ ቤት ታማሚው ዝም ቢል እንኳ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በሩን ይቆልፈዋል።

እሺ ብላ ከሰጠች በኋላስ? ተቀባዩ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይውጣል፤ ቀጠሮ አለው፣ ጠያቂ አለው፣ ብርቱካን የሚያመጣለት አለው። የእሷም የደም ግፊትና ሽንት በየዓመቱ መታየት አለበት። እስኪ «ጀግናዬ» ካላችኋት ውስጥ ስንቶቻችሁ የዘንድሮውን ምርመራ አደረግሽ ወይ ብላችሁ ጠየቃችኋት?