ውዳሴ ለእመ ፊደል፣ ለጉድሩን ጻፕፍ ፎን ሄሰ

የግእዝ ፊደል ከላቲን ጋር በየሱቁ ግንባር በሚሰለፍባት፣ በድሬዳዋ ገበያ በቀፊራ፣ ከገበያዋ ቅስት በሮች ሥር ቆመን እናወድስዎታለን፤ ፊደል ነዳፊዋ ወይዘሮ ጉድሩን ሆይ፣ እመ ፊደል! ድሬዳዋ ለእርሳስ ፊደል ባዕድ አይደለችም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሴን ላዛር ማተሚያ ቤት የሠራባት ከተማ ናትና፣ ፊደል ለሚቀርጽ እጅ ክብር መስጠት ያምርባታል።

እ.ኤ.አ. በ1918 በጀርመን አገር በሽቬሪን ተወለዱ። በ16 ዓመትዎ ቫይማር ገብተው ከመምህር ኦቶ ዶርፍነር የመጽሐፍ ጥረዛንና ድጉስን ተማሩ። ቁም ጽሕፈትንም ከሩዶልፍ ኮኽና ከኤድዋርድ ጆንስተን መጻሕፍት በራስዎ ትጋት ቀሰሙ። ክብር ለትጋትዎ!

ጦርነት አገርዎን አፍርሶ ሲያበቃ፣ በ1946 በፍራንክፈርት፣ በባወር የፊደል ማምረቻ ቅጥር ውስጥ የራስዎን የጥረዛ ቤት አቆሙ። በቆዳው ላይ ወርቅ የሚያትመውን ፊደል ናስ ቀርጸው በገዛ እጅዎ አበጁት፤ ሄሰ አንቲኳ የተባለው ፊደልም ተወለደ። በሽቴደል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1954 ወጣቶችን ቁም ጽሕፈት አስተማሩ። በዚያው ዘመን የሽቴምፔል የፊደል ማምረቻ ንድፍዎን በእርሳስ ቀልጦ እንዲፈስ አደረገ፤ ዲዮቲማ በለዘበ መስመሯና በሰፊ አቋሟ፣ ስማራግድ በጌጧ፣ አሪያድነ በብርዕ ሽርሽሯ ወጡ። ክብር ለእጅዎ!

በ1951 ዝነኛውን ፊደል ነዳፊ ኸርማን ጻፕፍን አገቡ፤ የእርስዎ ስም ግን በእርሳቸው ዝና አልተሸፈነም። እርሳስ አልፎ ኮምፒውተር ሲነግሥ፣ ሌላው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ኖፍሬትን፣ ካርሚናን፣ አልኩዊንን፣ ክርስቲያናን ለዓለም አበረከቱ። በ1991 የፍሬደሪክ ጋውዲ ሽልማት ደረትዎን አስጌጠ። በወጣትነትዎ በናስ የቀረጹት ሄሰ አንቲኳ በ100ኛ ዓመት ልደትዎ በዲጂታል ፎንት ታተመ። በ2019፣ በ101 ዓመትዎ አረፉ። ክብር ለዕድሜዎ!

እናንት የድሬ ሴቶች ልጆች ሆይ! የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በ1513 በሮም፣ በጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን አማካይነት ነው። የፊደላችን መልክ ከዚያ ወዲህ በብዙ የባዕድ እጅ አልፏል። እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ይህችን እናት ያመሰገነች፣ ብርዕዋን ታንሣ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ፊደላችንን በገዛ እጅዋ ትንደፍ!