ሰማይ ብቻውን ባላጋራ አይሆንም

የአየር ንብረት ለውጥን በመጻሕፍት አማካይነት የሚያስተምር መምህር ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ይቀርቡለታል፤ ልብ ወለድና በእውን የደረሰውን የሚተርክ። በተለምዶ ፊተኛው ስሜት ለመቀስቀስ፥ ኋለኛው መረጃ ለማስጨበጥ ይመደባል። ይህ አመዳደብ ሁለቱንም መጻሕፍት ይበድላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ተማሪውን ይበድላል። ለማስረጃ ያህል ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እንመርምር።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክቴቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችው «የዘሪው ምሳሌ» ታሪኩን የሚጀምረው በ2024 ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነባት፥ ውሃ ከቤንዚን በሚወደድባት ካሊፎርንያ የምትኖረው የ15 ዓመቷ ሎረን የሌላው ሰው ሕመም በገዛ ሰውነቷ የሚሰማት ልጅ ናት። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ አካባቢ በሰደድ እሳት ሲነድ ደራሲዋን ነቢይ ያሏት አንባቢዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ልብ ወለድን «ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ብሎ መፈተን የኮከብ ቆጣሪ እንጂ የአንባቢ ተግባር አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። ሎረን የሚመጣውን ክፉ ቀን ለጓደኛዋ ስትነግራት ጓደኛዋ ትደነግጣለች፤ ወሬው ከወላጆች ጆሮ ይደርሳል፤ አባቷም ሰውን ከማስፈራት ማስተማር እንደሚሻል ይመክሯታል። መጽሐፉ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ ራሱ የሚጠቁመው በዚህ ትዕይንት ነው። ጉድለትም አለው፤ በአንዲት ልጅ የዕለት ማስታወሻ መልክ የተጻፈ በመሆኑ ጥፋቱ ከየት እንደ መነጨ የሚታየው ከሩቅ ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ማላዊያዊው ዊልያም ካምክዋምባ ከብራያን ሚለር ጋር ጽፎ በ2009 ያወጣው «ነፋስን የገራው ልጅ» የተሰኘው ግለ ታሪክ ነው። በ2001 እና 2002 የረሀብ ጊዜ ዊልያም የሚከፍለው አጥቶ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ይሰናከላል። ከአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፥ እንግሊዝኛው ባይጠናም ሥዕሉን እያጠና፥ ከባሕር ዛፍ ግንድ፥ ከአሮጌ ብስክሌትና ከትራክተር ማራገቢያ በነፋስ የሚሠራ የመብራት ማመንጫ ይሠራል። መምህሩ ካልተጠነቀቀ ውይይቱ ከማማው ሥር ይቀራል፤ ተማሪውም «ጎበዝ ልጅ!» ብሎ አድንቆ መጽሐፉን ይከድናል። ነገር ግን አምፑሉ የበራው ረሀቡ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ምዕራፎች የሚናገሩት ስለ ዝናቡ መዛባት ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ የመጠባበቂያ በቆሎ ስለ መሸጡም ጭምር ነው።

ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሰማይ ብቻውን ባላጋራ አይሆንም፤ ግጭት የሚወለደው ከሰው ፈቃድ ነው። ዛሬማ ሰማዩም ቢሆን ከሰው እጅ ነጻ አይደለም፤ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ጋዝ ምድርን እያሞቀ ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ የ1965–66 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ሲመረምር በአገር ደረጃ የእህል ምርት እጅግ እንዳልወደቀ፥ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደ ነበር አሳይቷል። የተራበው ገበሬ ያጣው እህል መግዣውን ነበር። «የድርቅን መንስኤዎች ዘርዝር» የሚል የፈተና ጥያቄ ብቻ የለመደ ተማሪ ግን ይህን ከቶ ሊደርስበት አይችልም።

እንግዲህ ሁለቱ መጻሕፍት ተለያይተው ሳይሆን ተጣምረው ይነበቡ። ከፊተኛው «የማን ሕመም ተሰማህ?»፥ ከኋለኛው «በቆሎውን ማን ሸጠው?» ተብሎ ይጠየቅ። ፈርቶ ከክፍል የወጣ ተማሪ ነገ ፍርሃቱን ይረሳል፤ ጥያቄ ይዞ የወጣው ግን ቤቱ ገብቶ አያቱን ስለዚያ ክፉ ቀን ይጠይቃል። ሦስተኛው መጽሐፍ የሚገኘው ከዚያ ነው።